በሽተኞቹ መታጠቢያ ቤት ናቸው

በሩን የከፈተችው ልጅ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«በሽተኞቹ መታጠቢያ ቤት ናቸው» አለች።

መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆመች። በስልክ የተነገራት አንድ ሰው እንደሞተ ብቻ ነው።

«በሽተኞች? ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ሐኪም አይቷቸዋል?»

«እርስዎን ሲጠብቁ ነበር። አባቴ ማንም እንዳይነካቸው ብሏል። ከነኩም ሳይታጠቡ እንዳይወጡ።»

መርማሪዋ ልጅቷን አልፋ ገባች፤ ኮሪደሩን በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ጨርሳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋች። ገንዳው ውስጥ አራት የኦርኪድ አበባ መትከያዎች በየፌስታላቸው ተሸፍነው ተደርድረዋል። ሌላ ማንም የለም። ቧንቧው ብቻ ይንጠባጠባል።

«ማን መሰልኩሽ?» አለቻት ዞር ብላ።

«የዕፅዋት ባለሙያዋ። ከላቦራቶሪ። አባቴ ትናንት፣ ነገ ጠዋት አንዲት ሴት ትመጣለች፣ ቀጥታ ወደ በሽተኞቹ ውሰጃት ብሎኝ ነበር።»

«እኔ ከፖሊስ ነኝ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። «እንግዲያው እሱ በዚህ በኩል ነው።»

አባትየው ከቤቱ ጀርባ ባለው የመስታወት ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ሹራቡ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ከእጁ አጠገብ የፕላስቲክ መርጫ ወድቋል። ዙሪያውን በሦስት እርከን መደርደሪያ ላይ ኦርኪዶቹ ቆመዋል፤ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ነብርማ ቢጫ። የተባይ መድኃኒት ሽታ አሁንም ጉሮሮ ይቧጥጣል።

በር ላይ የቆመው ኮንስታብል መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። «ነገሩ ግልጽ ነው፣ እትዬ። መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ለተባይ ሲረጭ ታፈነ። መስኮቶቹን የከፈትኳቸው እኔ ነኝ።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ጣቢያ ውስጥ ከጀርባዋ «እትዬ ቆይ» ነው የሚሏት። ታውቃለች፤ አትቆጣም።

መደርደሪያዎቹን ተራ በተራ አየች። መድኃኒቱ ቅጠሎቹ ላይ በነጭ ነጠብጣብ ደርቋል። መስታወቱም፣ ወለሉም፣ የሟች ሹራብ ትከሻም ላይ አለ። የረጨው ሰው አልቆጠበም። ግን ቅጠሎቹ ተገናኝተው እንደ ትንሽ ስኒ የሚጎደጉዱበት የተክሎቹ እምብርት ንጹሕና ደረቅ ነበር። ነጠብጣቡ እስከ እምብርቱ አፋፍ ይመጣና ያቆማል። ሁሉም ላይ እንደዚያው ነው።

የቆሻሻ ቅርጫቱን በብዕሯ ጫፍ ገለጠችው። ጫፋቸው ሹል ሆኖ የተጠማዘዙ ብዙ የሶፍት ቁራጮች አሉበት። አንዱን አነሳች። እርጥብ ነው፤ መድኃኒቱንም ይሸታል።

«ጉንፋን ይዞት ነበር መሰለኝ» አለ ኮንስታብሉ።

«እንዲህ ባለ ሹል ነገር አፍንጫውን የሚያብስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አክስቴ ጆሮዋን ታጸዳበታለች።»

«እሷን እንተዋት» አለችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይረጫል?»

«በጭራሽ። ሳንባው አይችልም። ነጭ ተባይ ካየ በአልኮል በነከረው ጥጥ አንድ በአንድ ይጠርጋል። ሌላውን በሳሙና ውሃ ያጥባል። ተባይ ማጥፊያ ከገባ እኔ እወጣለሁ ይል ነበር።» የተናገረችውን ራሷም ሰማችው። ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር።

«መርጫው የማን ነው?»

«የአጎቴ፤ ጓሮ ነው የሚኖረው። ለበረሮ ነው። ከነጠርሙሱ ከደረጃው ሥር ይቀመጣል፤ ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ትናንት ማታስ?»

«ሻዩን አፍልቼ በፔርሙዝ አስቀመጥኩለት። ባልዲውን ሞላሁ። ውሃው ካላደረ ለተክሎቹ ጥሩ አይደለም ይላል፤ ማታ ማታ የምሞላው እኔ ነኝ። ሌላ ነገር አልነካም። ከዚያ ተኛሁ። ጋሼ ገና እዚህ ነበሩ።»

ጋሼ የምትላቸው የአባቷን ወዳጅ መነጽር ሠሪውን ነው። ቤታቸው ከጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን እሳቸውም ኦርኪድ ያሳድጋሉ።

አስከሬኑ ተነሣ። ከቀትር በፊት የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለ።

«ሙሉ ውጤት አይደለም» አለ። «ግን ሳንባው ውስጥ መድኃኒት የለም። መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። በሻይ ነው የጠጣው፤ የፔርሙዙ ክዳን ላይም አለ። ፔርሙዙ ራሱ ታጥቧል።»

«ሳይታወቀው እንዴት ይጠጣል?»

«ልጅቷ እንደነገረችን፣ ሳንባውን ከታመመ ወዲህ ሽታም ጣዕምም አይለይም። ሌላም ልንገርሽ። እሱን የጠጣ ሰው ቆሞ ያን ሁሉ ተክል ሊረጭ አይችልም። እጁ ላይም የለም።»

ስልኩን ከመዝጋቷ አለቃዋ ደወሉ። የሐኪሙን ወሬ ቀድመው ሰምተዋል።

«ሻዩን ያፈላው ማን ነው?»

«ልጅቱ።»

«አልቅሳለች?»

«አላለቀሰችም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? አምጫት።»

«ይቆዩ ጌታዬ…»

«እቆያለሁ። ከሥራ እስክንወጣ ብቻ።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመርማሪዋ ወገን ያለውን ብቻ ብትሰማም ቀሪውን ለመገመት አልቸገራትም። «ክሊኒኩ ጋ ልደውል?» አለች። በጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። «ነገም አልገባም ልበላቸው?»

መርማሪዋ ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ክፍልሽን አሳይኝ» አለቻት።

ክፍሏ የተስተካከለ ነበር። መስኮቱ ላይ አንድ ኦርኪድ ብቻ አለ። ቅጠሎቹ ከመሐል ተነቅለው ወድቀዋል፤ እምብርቱ ጠቁሮ ሙጫ ሆኗል።

«ይሄስ?»

«ለልደቴ የሰጠኝ ነው። ብርጭቆ እንደማጥብ ውሃውን ከላይ ከላይ አፈሰስኩበት። አሰጠምሻት ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ እሰጥሻለሁ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት።»

«ለምን?»

«እንዳልገድለው» አለች ልጅቷ።

አጎትየው ጓሮ ባለችው ክፍላቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሲጋራ ለመለኮስ ክብሪት ጫሩ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክብሪቱ ጠፋ። ደግመው ጫሩ፤ ጠፋ። መርማሪዋ ተቀብላ ለኮሰችላቸው።

«ጠርሙሱ የእኔ ነው» አሉ። «መርጫውም የእኔ ነው። በረሮውም የእኔ ነው ካልሽ ጻፊው።»

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማን ነው እሱ ይባላል የሚለው? እኔው ልንገርሽ። ያንን የመስታወት ክፍል ልቀቅልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። አበቦቹ ፀሐይ ይፈልጋሉ አለኝ። የእኔ ጀርባ ፀሐይ አይፈልግም? ልገድለው ብፈልግ ኖሮ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው፤ በትራስ እጨርሰው ነበር።»

«ይህን ያውቁታል?» አለችና የተጠማዘዘውን ሶፍት አሳየቻቸው።

አጎትየው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በእጃቸው ውስጥ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። «ምንድን ነው? የሻማ ክር?» ብለው መለሱላት። ሲጋራቸውን ሳብ አድርገው፣ «ልጅቷን እንዳትነኪያት» አሉ። «ማልቀስ ስላልቻለች ነው እንጂ አንጀቷ ተቃጥሏል። እናቷም ስትሞት እንዲሁ ነበረች። ወሩን ሙሉ ሰሐን ስታጥብ ከረመች።»

መነጽር ሠሪው ሳይጠሩ መጡ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። የልጅቷን ትከሻ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አይዞሽ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ መስታወት ክፍሉ ዞሩና ገና ከበሩ ላይ ሳያልፉ፣ «ያቺ ከታች ጥግ ያለችው ሸረሪት ይዟታል» አሉ።

መርማሪዋ አየች። ሸረሪት የለም።

«በዓይን አይታይም፤ ደቃቅ ነው። ቅጠሉ እንደ ብር ፈዟል፣ አያዩም? አየሩ ሲደርቅ ነው የሚመጣው።»

ቅጠሉን ከሥሩ በነጭ መሐረብ ጠረገችው። መሐረቡ ላይ ቀላ ያለ ሰረዝ ቀረ። ሰውዬው ያዩት ከክፍሉ ማዶ ሆነው ነው።

«ዓይንዎ ያስቀናል።»

«መተዳደሪያዬ አይደል?»

«ትናንት ማታ ምን አወራችሁ?»

«ምን እናወራለን? ስለ አየሩ ነው። ስለ ድርቁ። ሻዩን ሳይቀዳ ወጣሁ።»

«ይምጡ እስቲ አንድ ነገር ይዩልኝ።» ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻቸው። ፌስታሎቹን ገለጠችላቸው። «እነዚህስ ምን ሆነው ነው?»

ከበሩ አልፈው አልገቡም። ጥግ ያለችውን ከሩቅ የለየ ዓይን አራቱ ላይ ብዙም አልቆየም። «ተባይ ነው» አሉ። «ይታጠባሉ፣ ይድናሉ። ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም ነበር።»

መርማሪዋ ፌስታሎቹን መልሳ ሸፈነች። ስለ ባለሙያ ያነሣችላቸው ነገር አልነበረም።

የምትጠበቀው ባለሙያ ከቀትር በኋላ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። በመንገድ ብልሽት ዘግይታ ነው። መሞቱን ስትሰማ የኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና፣ «ስልክ ላይ በጣም ጥንቁቅ ሰው ነበሩ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ጓንት አደረገች።

ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት ያዘቻቸው። በብርሃኑ ውስጥ ደብዛዛና ጥቁር መስመሮች ተያይዘው ታዩ። አንዲቱ ላይ የቀረችውን አበባ ገለበጠች፤ ሐምራዊ ቀለሙ እንደ ፈሰሰ ሥዕል ተበጣጥሷል።

«ተባይ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ተባይ ቢሆን ደስ ባለኝ። ላቦራቶሪ ያረጋግጠዋል እንጂ ቫይረስ ነው። በእሳት ባልተለበለበ መቀስ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። መድኃኒት የለውም፤ ተክሉ ይቃጠላል። ከዚያ የመጣበት ቤት ይታያል፤ እዚያም ያለው የተያዘ ከሆነ ይቃጠላል።»

«የመጣበትን ቤት መምህሩ ነግረውሻል?»

«ለባለቤቱ መጀመሪያ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ወዳጄ ነው አሉኝ።»

መርማሪዋ የተጠማዘዘውን ሶፍት አወጣች። ባለሙያዋ ገና ስታየው አወቀችው።

«ውሃ መምጠጫ ነው። ኦርኪድ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እምብርቱ ላይ ውሃ ካደረ ይበሰብሳል፤ አንዴ ከበሰበሰ ተክሉ አለቀ። ስለዚህ ከላይ የነካው ፈሳሽ ሁሉ በዚህ ይመጠጣል።»

«መድኃኒት ተረጭቶም?»

«ምንም ቢረጭ። ተክሉ እንዲተርፍ ከፈለጉ ማለቴ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ መስታወት ክፍሉ ጠራቻቸው። ወንበር ስለማይበቃ ኮንስታብሉ ቆመ። አጎትየው በሚወዱት የፀሐይ ጥግ ተቀመጡና የተቀመጡበትን ሲያስተውሉ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ። ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች። የሥራ መውጫው ሰዓት ደርሷል።

መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት ነጭ ኦርኪድ አለች። ቤተሰቡ «ሙሽራዋ» ይላታል። አባትየውና መነጽር ሠሪው ከጥፍር ካነሰች ችግኝ አንሥተው አብረው ያሳደጓት ናት። መርማሪዋ ከባልዲው በጣሳ ቀዳችና፣ ቀስ ብላ፣ በሙሽራዋ እምብርት ላይ አፈሰሰች። ውሃው ሞልቶ በቅጠሎቹ መሐል ቆመ። ጣሳውን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ሰዎቹ መለሰች።

«ሰውዬው በመርጨት አልሞተም» አለች። «ጠጥቶ ነው። ከጠጣ በኋላ ደግሞ መርጨት አይችልም። ስለዚህ እሱ ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው እዚህ ገብቶ ረጭቷል፤ አደጋ እንዲመስል። መርጫውንም እጁ አጠገብ ጥሎለታል።»

«ይሄን ያህል እኔም ገብቶኛል» አሉ አጎትየው። «ማን ነው?»

«ይቆዩ። ረጪው ከረጨ በኋላ አልሄደም። እያንዳንዱን ተክል እየዞረ እምብርቱ ላይ የቆመውን መድኃኒት በሶፍት መጥጧል። ወረቀቶቹ ቅርጫቱ ውስጥ አሉ፤ ሁሉም መድኃኒቱን ይሸታሉ። ሟቹ ሊሆን አይችልም። ልጅቷ እንዲህ እንደሚደረግ ብታውቅ ኖሮ ክፍሏ ያለው የልደት ስጦታዋ ባልበሰበሰ ነበር። እርስዎም» አለች ወደ አጎትየው፣ «በዚያ እጅዎ አንዱን ቅጠል ሳይሰብሩ አንድ ተክል አይጨርሱም።»

«ስድብ ነው ምስክርነት?»

«ምስክርነት ነው።»

«እንግዲያስ ተቀብያለሁ።»

ልጅቷ ከበሩ ላይ ዓይኗን አነሳች።

መርማሪዋ ስለ አራቱ በሽተኞች ማውራት ጀመረች። ቫይረሱ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ባለሙያዋ ከብርሃን ፊት ምን እንዳየች፣ ከላቦራቶሪ ሰው እንደሚመጣ ማን ያውቅ እንደነበር። እያወራች ከመስኮት ወደ መስኮት ትሄዳለች፤ የሚያጣድፋት ነገር ያለ አይመስልም። መነጽር ሠሪው አይሰሟትም ነበር። ዓይናቸው ሙሽራዋ ላይ ነው። አንዴ ጉልበታቸውን አሻሹ። አንዴ ወደ ባለሙያዋ ዞረው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ውሃው በቅጠሎቹ መሐል እንደቆመ ነው።

«…ያ ሰው አራቱን ተክሎች ሳሳየው» ትላለች መርማሪዋ፣ «ተባይ ነው አለኝ። በዓይን የማይታይ ሸረሪት ከበር ላይ የለየ ሰው ነው።»

መነጽር ሠሪው ተነሡ። ከኪሳቸው ሶፍት አወጡ፣ ሁለቴ አጠፉ፣ በግራ እጃቸው ወደ ግራ ጠምዝዘው ጫፉን ቀለበሱት። ሙሽራዋ ላይ ጎንበስ ብለው ውሃውን መጠጡ። አንዱ ወረቀት ሲርስ ሌላ አወጡ። ሲጨርሱ ቅጠሉን ከሥር በጣታቸው ደገፍ አድርገው ቀና አደረጉት።

መርማሪዋ ከቅርጫቱ የወሰደችውን ወረቀት የእሳቸው አጠገብ አስቀመጠች። ሁለት እጥፍ፣ ወደ ግራ የተጠማዘዘ፣ ጫፉ የተቀለበሰ።

መነጽር ሠሪው ሁለቱን ወረቀቶች አዩ። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«አራቱ ከእኔ ቤት የመጡ ናቸው» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ነገ ባለሙያዋ ትመጣለች፣ ከዚያ አንተ ጋ እንሄዳለን አለኝ። ያሉህ ሁሉ የሚቃጠሉ ይመስለኛል አለኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ቤት የሚጠብቀኝ ሌላ ነገር የለም። ትንሽ ቆይ አልኩት። ሌላ ሰው ቤት ሳይደርስ ነው መገታት ያለበት፣ አይቆይም አለ። ልክ ነበር። መቀሱን መለብለብ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ሳይሆን እጄ ነው የሰነፈው። ከደረጃው ሥር ያለውን መድኃኒት ሻዩ ውስጥ የጨመርኩትም እኔ ነኝ።»

«ከዚያ ለምን አደረቋቸው?» አለች ልጅቷ።

የተናገረችው እሷ መሆኗን ለማወቅ ሁሉም ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው።

«ምኑን ልጄ?»

«ከረጩ በኋላ። ለምን አደረቋቸው?»

መነጽር ሠሪው እጆቻቸውን አዩ። «አላሰብኩትም» አሉ። «ውሃ ቆሞባቸው ነበር። እነሱ ምን አጠፉ?»

«እኔስ?» አለች ልጅቷ። «ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። እኔስ ምን አጥፍቼ ነው?»

መነጽር ሠሪው ዓይናቸውን ወደ ሙሽራዋ መለሱ። ኮንስታብሉ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ኮፍያቸውን ረስተውት ነበርና አጎትየው አንሥተው አጠለቁላቸው። መርማሪዋ አለቃዋ ጋ ደውላ፣ «እያመጣሁ ነው፤ ልጅቷን አይደለም» አለች።

ባለሙያዋ አራቱን በሽተኞች ይዛ ሄደች። በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ መነጽር ሠሪው ቤት የነበሩት ተክሎች በሙሉ ተነቅለው ተቃጠሉ። የመስታወት ክፍሉ ኦርኪዶች ንጹሕ ሆነው ስለተገኙ ቀሩ። አጎትየው፣ ልጅቷ ክፍሉን ልልቀቅልዎት ስትላቸው አልፈልግም አሉ። ልጅቷ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። የዚያን ቀን ማታ ከሥራ ገብታ ሰሐን አጠበች፣ ባልዲውን ሞልታ የመስታወት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠች፣ ከዚያም ተኛች።